ጋሽ እንድሪስ ያገናኙት ሽቦ

በእኛ ሰፈር፣ ደሴ ሳላይሽ፣ ሰው «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ሲያበዛ የምንወረውርበት አንድ አባባል አለ። አሁን አሁን ከሰፈራችን ወጥቶ ገበያ ገብቷል፤ ባለፈው ሳምንት አንዲት ቲማቲም ሻጭ ለደንበኛዋ ስትናገረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ችግሩ፣ ሰዉ ቃሉን ይዞ ታሪኩን ጥሎታል። ገሚሱ ስለ ድንኳን የተነገረ ይመስለዋል፣ ገሚሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር እያነሳ ያላግጥበታል። ነገሩ ስለ ድንኳንም ስለ ኤሌክትሪክም አይደለም፤ ስለ አንድ አባት ናፍቆት ነው። እኔ እዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ቃሉ መጀመሪያ ከአፍ ሲወጣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ነበርና ሰው ሲያበላሸው ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የግቢው ባለቤት ጋሽ እንድሪስ ሙሄ ይባላሉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። በዚህ ዓለም ላይ የነበራቸው ሉባባ የምትባል አንዲት ልጅና አንዲት ያረጀች ነጭ የቤት መኪና ነበር። ከሁለቱ የትኛዋን አብልጠው እንደሚወዱ ለማወቅ ሉባባ ሰመራ እስክትሄድ መጠበቅ ነበረብን።

ጋሽ እንድሪስ መኪናቸውን ጋራዥ አስገብተው አያውቁም። «መካኒክ የሚሠራው የሰው መኪና ነው፤ እኔ ግን የራሴን ነው የምሠራው» ይላሉ። ሉባባም ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጃቸው ስር ነው ያደገችው። ካቻቢቴ ሲሉ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሲሉ ፒንሳ ታቀብላለች፤ ፍሬን ሲሠራ መጨረሻ ላይ መሪው ጋ ገብታ ፔዳሉን የምትረግጠው እሷ ናት። አዋላጅ ነርስ ሆና ከተመረቀች በኋላ እንኳ ጋውኗን አውልቃ ከመኪናው ስር ስትገባ አይቻታለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ሥራ ያገኘችው ሰመራ ነው። አባትየው ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ አደረሱ፣ ጫኑ፣ «በይ አላህ ያቅናልሽ» አሉ፤ እንባም አልታየባቸውም።

ከዚያ በኋላ ሉባባ በየሳምንቱ ዓርብ ከስግደት በኋላ ትደውላለች። እሳቸውም በየሳምንቱ አንድ ዓይነት መልስ አላቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ምንም አልጎደለብኝም። እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እተኛለሁ። አንቺ ሥራሽ ላይ ብቻ።» ስልኩ ሲዘጋ ግን ቀጥ ብለው ወደ ነጯ መኪና ይሄዱና መሪው ጋ ይቀመጣሉ። ሞተር አያስነሱም። እጃቸውን ማርሹ ላይ አድርገው አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ሉባባ ትቀመጥበት ወደነበረው ወንበር እያዩ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። የት ደርሰው እንደሚመለሱ እሳቸው ያውቃሉ። ከዳቦ ቤት ሲመጡም እንደ ድሮው የሁለት ሰው ይዘው ነው የሚገቡት፤ ሲተርፍ ለእኔ ይሰጡኛል። በእሳቸው ናፍቆት የጠገብኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ከእኔ ሌላ የሚያውቁ አንዲት ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ። እትዬ ዘነቡ ዕድሜያቸውን መናኸሪያ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሴት ናቸው። በስድስት ወር ውስጥ ያልሰደቡት ሾፌር ቢኖር አዲስ ቅጥር ነው ይባል ነበር። አሁን ሰባውን አልፈው ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው አልደከመም። ታዲያ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጠብቀው የተቆላ ሽምብራ ይዘው ወደ ጋሽ እንድሪስ ቤት ሲገቡ፣ ሰውየው የሉባባን ነጭ ጋውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሲያለቅሱ ያገኟቸዋል። ሉባባ ትታው የሄደችው አሮጌ ጋውን ነው። ማንም ላይለብሰው አጥበው፣ ተኩሰው፣ እጥፋቱን አሳምረውታል።

«እንድሪስ፣ ይሄማ ለልጅህ ይነገራል» አሉ እትዬ ዘነቡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ናፍቆት በሽታ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ሠርግ ነው?»

ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይስሙኝማ፣ እትዬ ዘነቡ። እኔ በሃያ ዓመቴ አሰብ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ወደብ ላይ፣ ጥሩ ሥራ። እናቴ አለቀሰች። ባቲ ከደረስኩ በኋላ በለቅሶዋ ተመለስኩ። አሰብን ዳግመኛ ያየሁት የሰው ጭነት ይዤ ነው። እኔ ልጄን በለቅሶ ከመንገድ አልመልሳትም። እግሯ ላይ ድንጋይ አልሆንም።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

«እንዳይነግሩብኝ!»

ጋሽ እንድሪስ ደንግጠው ቶሎ ውል ፈለጉ። እትዬ ዘነቡ ስድስት ዓመት ሙሉ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሲመኙ፣ ጉልበታቸው አውቶቡስ አልችል ብሎ እንደቀሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ስለ እኔ ለሉባባ አንዲት ቃል ላይናገሩ ይማሉልኝ፣ እኔም በመስከረም ሃያ አንድ በመኪናዬ ግሸን አደርስዎታለሁ» አሉ። እትዬ ዘነቡ አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ ጉልበታቸውን አዩ። ከዚያም ማሉ። «ስለ አንተ አንዲት ቃል አልነግራትም፣ ግሸን ማርያምን!»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ጋሽ እንድሪስ መሐላውን ሲቀበሉ ቃሉን በደንብ አላዳመጡትም።

የግሸን መንገድ ቀልድ አይደለም፤ አቀበቱም ቁልቁለቱም ፍሬን ይፈትናል። ስለዚህ በጳጉሜ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ፍሬኑን ሊቀይሩ መኪናዋን ግቢው መሀል አቆሙ። ዕቃውን አንድ ወዳጃቸው ከአዲስ አበባ አምጥቶላቸዋል። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የጎማውን ብሎኖች መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች አላሉ፣ ከዚያ በክሪክ አነሷት። ክሪክ አይታመንም ብለው ደግሞ ከስር ወፍራም ግንድ ሰደዱ። እትዬ ዘነቡ በርጩማ አምጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። የራሳቸው ነፍስ የሚጫንበት ሥራ ስለሆነ ሳይቆጣጠሩ አያልፉም። እኔም ለበዓል የታዘዝኩትን ቀሚስ እየዘመዘምኩ በመስኮቴ አያለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሸራ ሲባል የማውቀው የድንኳኑን ነበር። መኪና ላይ ግን ሸራ ማለት ፍሬን ሲያዝ የሚሽከረከረውን ብረት ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚያቆመው ነገር ነው። አዲስ ሲሆን እንደ አውራ ጣት ይወፍራል፣ በተያዘ ቁጥር ይሳሳል። እንደ ጋሽ እንድሪስ ባለችው መኪና ላይ ደግሞ ሸራው ውስጥ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተሰክታለች። ሸራው ሊያልቅ ሲል ብረቱ ሽቦዋን ይበጥሳትና መሪው ፊት ለፊት ቀይ መብራት ይበራል። መኪናዋ አመመኝ የምትለው በዚያ ነው።

ጎማው ወጣ። ጋሽ እንድሪስ ሸራዎቹን የያዘውን ብረት ፈትተው ወደ ላይ አነሱና እንዳይንጠለጠል በገመድ አሰሩት። ከዚያ ሸራዎቹን ጎትተው አወጡ። ካወጧቸው በኋላ መዳፋቸው ላይ አድርገው ተመለከቷቸው።

እትዬ ዘነቡ አጎንብሰው አዩ። «ይሄ ነው ሸራ የምትለው? ታዲያ የታለ?»

«አልቋል።»

«ሲያልቅ ቀይ መብራት ይበራል ያልከኝስ? እኔ አንድም ቀን አላየሁ።»

ጋሽ እንድሪስ ከጎማው ጀርባ አንዲት ሽቦ ጎትተው አሳዩ። ሁለት ጫፏ ተገጣጥሞ ተጠምዝዟል፤ ላዩ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል።

«ታኅሣሥ ላይ በርቶ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እነዚህን ሁለቱን ካገናኟቸው መኪናዋ ምንም ያልጎደላት ይመስላታል። መብራቱ ይጠፋል።»

«ሸራውስ?»

«ሸራውማ እያለቀ ነው።»

ያኔ እትዬ ዘነቡ የመናኸሪያውን ድምፃቸውን አወጡት። «አንተ እንድሪስ! ዘጠኝ ወር ሙሉ ሰኞ ገበያ ስትወስደኝና ስትመልሰኝ ከሞት ጋር ነበር የተሳፈርኩት?»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው እኮ።»

«ሞትም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው! ሰሞኑን ቁልቁለት ላይ ስትፈጭ የነበረችውስ? አቧራ ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ሾፌር ሆነህ! ደግሞ ማን ነው በዚህ ግቢ ሽቦ የሚያገናኝ ሾፌር መንጃ ፈቃዱ ይቀደድ ሲል የኖረው?»

ጋሽ እንድሪስ ያለቀውን ሸራ በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ። አቧራው እስከ ክንዳቸው አጥቁሯቸዋል። ሲናገሩ ድምፃቸው ለእኔ እምብዛም አልደረሰም፤ መርፌዬን አቁሜ ነው የሰማሁት።

«መብራቱ የበራው ሉባባ በሄደች በአራተኛው ቀን ነው። ያኔውኑ ልሠራው ወጣሁ፣ እትዬ ዘነቡ። ክሪኩን አወጣሁ፣ መኪናዋን አነሳሁ። ከዚያ ሳላስበው ‹ሉባባ፣ ካቻቢቴ› ብዬ እጄን ዘረጋሁ።» ሸራውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። አላስችል አለኝ። መኪናዋን አወረድኩ፣ ክሪኩን መለስኩ። ሽቦ ማገናኘት ደግሞ ረዳት አይፈልግም።»

የእትዬ ዘነቡ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ሻሻቸውን አጠበቁ፣ ጉልበታቸውን ደግፈው ከበርጩማው ተነሱ፣ የዕቃውን ሳጥን ከፈቱ።

«በል» አሉ፣ «ካቻቢቴ የምትለው የቱ ነው?»

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። እትዬ ዘነቡ ፒንሳ ሲባሉ መዶሻ፣ መዶሻ ሲባሉ ጨርቅ እያቀበሉ አገዟቸው። ጋሽ እንድሪስ ሳይቆጡ ይቀበላሉ፣ ራሳቸው ይመልሳሉ፣ ራሳቸው ያነሳሉ። የፍሬኑን ዘይት ክዳን ከፍተው ፒስተኑን ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ መለሱት። አዲሱን ሸራ አስገቡ። ናስትሮ የተጠቀለለባትን ሽቦ ነቅለው ጣሏትና አዲሷን ሸራው ላይ ሰክተው ጫፏን ከቦታዋ አገናኙ። በሌላው ጎማ ላይም እንዲሁ አደረጉ። ሁለቱ ጎማዎች ተመልሰው መኪናዋ መሬት ስትነካ ፀሐይ ጭጋጉን ገፍፋ ቶሳ ተራራ ወለል ብሎ ታየ።

«አሁን ይግቡና ፔዳሉን ይርገጡልኝ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ብሎኖቹን እያጠበቁ። «ሸራው ብረቱን እስኪይዝ ፔዳሉ መጀመሪያ ይላላል። እስኪጠነክር ደጋግመው።»

እትዬ ዘነቡ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ጋ ገቡ። አንዴ ረገጡ። «ኧረ ይሄ ገደል ነው!» አሉ። ደገሙ፣ ሠለሱ። በአምስተኛው «ያዘ! ግድግዳ ሆነ!» ብለው በደስታ ጮኹ። ያኔ ነው መሪው ፊት ያለው የጋሽ እንድሪስ ስልክ የጮኸው።

«ሉባባ ናት» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ጋሽ እንድሪስ ቀና አሉ። ሉባባ ቅዳሜ ደውላ አታውቅም። ሁለት እጃቸው ጥቁር ስለነበረና እትዬ ዘነቡም የስልኩን ነገር ስለማያውቁ «ጎሽ ልጄ፣ ነይ ድምፁን ክፈቺልን» ብለው ጠሩኝ። ሮጬ ከፈትኩት።

«አባ፣ ደህና ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምነው ዛሬ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። አባ፣ ኮምቦልቻ አንድ ቦታ ተከፍቷል። እሱን ካገኘሁ ማታ ማታ ከቤት ነኝ። ግን ሰኞ ጠዋት እፈልጋለሁ ብዬ ካልፈረምኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ድጋሚ አይገኝም። እዚህም ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነው። ሁሉም የሚሉኝ ቆዪ ነው። እኔ ግን… ጭጋጉ እንኳ ይናፍቀኛል፣ አባ። አንተ ‹ነይ› ካልከኝ ነገውኑ ዕቃዬን አስራለሁ። ደህና ከሆንክ ግን ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ከመኪናዋ አጠገብ ቆሜ የጋሽ እንድሪስን ፊት እያየሁ ነበር። ከንፈራቸው ‹ነይ› ሊል ተከፍቶ ነበር፤ እምላለሁ። ግን ባቲ ላይ የቀረው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ትዝ አላቸው መሰለኝ መልሰው ዘጉት።

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ» አሉ። «አብሽሪ፣ ምንም አልጎደለብኝም። በእኔ የተነሳ ከሥራሽ እንዳትነቃነቂ።»

«እውነትህን ነው?»

«ወላሂ… እውነቴን ነው።»

«እሺ» አለች ሉባባ። ድምጿ አነሰ። «እንግዲያው ሰኞ አልፈልግም እላቸዋለሁ።»

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱና የጎማ መፍቻውን ይዘው የጠበቀውን ብሎን እንደገና ማጥበቅ ጀመሩ።  እኔ ጨርቄን አፌ ላይ ያዝኩ። ከዘጠኝ ወር ወዲህ ሲመኙት የነበረ ነገር በራሱ እግር ደጃፍ ድረስ መጥቶ ሲመለስ እያየሁ ምንም ማለት አለመቻሌ አንገበገበኝ።

ስልኩ ግን አልተዘጋም። «እማማ ዘነቡ» አለች ሉባባ፣ «ድምፅዎን ሰምቼ ነበር፣ እዚያው ነዎት? እርስዎ ይንገሩኝ። አባቴ ደህና ነው?»

ጋሽ እንድሪስ ዞር ብለው ጥቁር ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። ግሸን፣ ማለታቸው ነው። እትዬ ዘነቡ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ጣቱን አዩት።

«ልጄ፣ ስለ አባትሽ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ምያለሁ፣ ያውም በግሸን ማርያም። ስለ መኪናዋ ግን ማንም አላስማለኝም።»

«እትዬ ዘነቡ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ምን አደረግኩህ? ስለ መኪና ነው የማወራው!»

«መኪናዋ ምን ሆነች?» አለች ሉባባ።

«አንቺ በሄድሽ በአራተኛው ቀን መብራቷ በራ፣ ልጄ። አንድ ሾፌር ሽቦዋን አገናኘው። ማን እንደሆነ አልናገርም።»

«ሽቦ አገናኘ?» የሉባባ ድምፅ ተለወጠ። «በእኛ መኪና? በእኛ ግቢ?»

«በእናንተ ግቢ። ዘጠኝ ወር ሙሉ መብራት የለም። እኔም ደህና ናት ብዬ ስሳፈር ከረምኩ። ዛሬ ጎማው ሲወጣ አየነው፤ ሸራ የሚባል ነገር የለም፣ ብረት ለብረት ሊነካካ ነበር።»

ከሰመራ የቬንትሌተር ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሉባባ በዚያ ፔዳል ላይ ያደገች ልጅ ናት። ሽቦ ማገናኘት በዚያ ቤት ምን ያህል ነውር እንደሆነ፣ አባቷም ያን ነውር ሠሩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሰኞ ምን ብላ ፈረመች የሚለኝ ካለ ዛሬ ማታ ኮምቦልቻ መስመር ላይ ቆሞ ወደ ደሴ የሚወጡትን ሰዎች ይይ። ለግሸንም የተሄደው ለሦስት ነው፤ ማርያምም ስለ መሐላው ምንም አላለችም።

ያን ቅዳሜ ግን ይህን ገና አናውቅም ነበር። ጋሽ እንድሪስ መፍቻውን አስቀምጠው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል፤ እንባቸው ፊታቸው ላይ ያለውን ጥቁር አቧራ ሰንጥቆ ይወርዳል፤ መደበቁንም ትተውታል።

«እማማ» አለች ሉባባ እያለቀሰች፣ «እሱ ግን በየሳምንቱ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ።»

እትዬ ዘነቡ ከመሪው ላይ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ፤ «መኪናዋም ዘጠኝ ወር ሙሉ ስትለን የከረመችው ይሄንኑ ነው፤ ግን ልጄ፣ መብራት ቢያጠፉ ሸራ አይወፍርም።»